ለአያ ይመር ዋሽንት ጣት ፍለጋ

የሰው ልጅ ወገኑን የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። በዱላ የሚጎዳ አለ፣ በምላሱ የሚጎዳ አለ፣ ምንም ሳይናገር በዓይኑ ገረፍ አድርጎ የሚያልፍም አለ። እኛ ሰፈር ግን እንዲህ ያለ ነገር አይወደድም። እኛ የምንጎዳዳው በአክብሮት ነው።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። እኛ ዘንድ የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጽናናል፣ የወለደች ትታረሳለች፤ በዚህ በኩል አንታማም። ሰውየው ራሱ አፍ አውጥቶ ያላነሣውን ጉድለቱን ግን ሞተን እንገኛለን እንጂ አናነሣበትም። ጥርሱ የወለቀ እንግዳ ቤታችን ቢመጣ ቆሎውን ቀስ ብለን ከፊቱ እናነሣና ለስላሳ ዳቦ እናቀርባለን። ለምን እንዳነሣነው አንነግረውም። እሱም በድዱም ቢሆን ቆሎ እንደሚወድ አይነግረንም። እንዲህ ተከባብረን፣ እሱ ቆሎ እንዳማረው፣ እኛም ጽድቅ የሠራን እየመሰለን እንለያያለን።

እኔ ደግሞ ራሴን የዚህ ጨዋነት አለቃ አድርጌ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ "መምህር" ነው የሚለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልብ ያልኩት ነገር ቢኖር የዘንድሮ ሰው ቃሉን አፉ ውስጥ እያላመጠ መናገሩን ነው። ባለቤቴ ፋጡማ እንኳ ግማሹን ውጣ ግማሹን ነው የምታወጣው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለ አንዳች ምክንያት ትጮህብኛለች። ምን ይደረግ፣ ትዳር ነው። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ጉዳዬ አያ ይመር ነው። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ "አያ" እለዋለሁ፣ ግን "አንተ" እንባባላለን። ሃያ ዓመት አንድ አጥር ሥር ፀሐይ የሞቁ ሰዎች "አንቱ" ቢባባሉ ፀሐይዋም ትታዘባቸዋለች። ከዐስር ሶላት በኋላ አጥሩ ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። መቼ እንደተጀመረ እንጃ እንጂ፣ ጥቂት ዓመት ሆነው፣ እሱ ሁልጊዜ በቀኜ ነው የሚቀመጠው። ልማድ ነው።

ይህ ሰው ዋሽንት ይነፋ ነበር። ዋሽንቱ እንደ ሌላው የሸምበቆ አይደለም፤ አባቱ ከወይራ እንጨት ፈልፍለው፣ አራቱን ቀዳዳ በጋለ ብረት በስተው የሠሩለት ነው። ሸምበቆ ቢሰበር ሌላ ሸምበቆ ይቆረጣል። ያ ግን አንድ ነው፤ የሠሩትም እጆች አፈር ገብተዋል። ባቲን ሲይዘው መንገደኛ ይቆማል። አምባሰል ሲል ደግሞ እኔ፣ ድምፅ ማለት የአየር መርገብገብ ነው ብዬ ስንቱን ተማሪ ያስተማርኩት ሰውዬ፣ ትምህርቴን እጠራጠረው ነበር። በሰፈራችን ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ፣ ከደጃፉ አንሥቶ እስከ መኪናው ድረስ በአያ ይመር ዋሽንት ነበር የምትሸኘው። የኔን ሁለት ሴቶች ልጆች ሸኝቶልኛል። የመጀመሪያዋ ስትወጣ አላለቅስም ብዬ ምዬ ነበር፤ መኪናው ጋ ሳልደርስ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሐርቡ ወፍጮ ቤት ይሠራ በነበረበት ጊዜ የወፍጮው ቀበቶ ቀኝ እጁን ያዘው። ነፍሱ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ጣቶቹ ግን እዚያው ቀሩ። ልንጠይቀው ስንሄድ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር፤ ፋሻው ሲፈታ ደግሞ እጁን ጋቢው ሥር አስገባው። ነገሩ ገባን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሱ ፊት ዋሽንት የሚል ቃል የተነሣበት ጊዜ የለም። አጥሩ ሥር ተቀምጠን ከራዲዮኔ ዋሽንት ከመጣ ብድግ ብዬ እዘጋለሁ። ሙሽራቸውን በጓሮ በር ያስወጡ ቤተሰቦችም ነበሩ፤ ዋሽንት የሌለው ሰርግ በሱ ደጅ እንዳያልፍ ብለው ነው። አያችሁልኝ ጨዋነታችንን?

ነገሩ በዚሁ ይኖር ነበር፣ አንድያ ልጁ ሰዓዳ ባትታጭ ኖሮ። የሰርጉ ቀን ሲቆረጥ አንድ ወር ቀርቶታል። በዚያው ሰሞን ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ሳለ አያ ይመር አስፋልት አስፋልቱን እያየ "ሞንታርቦ የሚያከራይ ሰው ታውቃለህ?" አለኝ። ለምን? አላልኩም። የስንቱን ሰው ልጅ በትንፋሹ የሸኘ ሰው የራሱን ልጅ በሞንታርቦ ሊሸኝ ነው። "አፈላልግልሃለሁ" ብዬው ተነሣሁ። ቤቴ ገብቼ እራቴን መጉረስ አቃተኝ።

ያኔ ነው ያሰብኩት። ሳክስፎን አይታችኋል፤ ጣት የማይደርስበትን ቀዳዳ የሚከድን የብረት ቁልፍ አለው፤ ወዲህ ሲጫኑት ወዲያ ይዘጋል። ለዋሽንቱ እንዲህ ያለ ነገር ቢሠራለትስ? ሊቨር ማለት ነው እኮ። ሊቨርን ደግሞ ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ ይሠራልኛል። በማግስቱ የአያ ይመርን ባለቤት ዘሀራን ለብቻዋ አግኝቼ ሐሳቤን ነገርኳት። ዋሽንቱን ከሳጥን አውጥታ በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ። "አደራህን መምህር፣ እንዳያውቅ። ሳይሆን ከቀረ ሁለተኛ ነው የሚሰበረው" አለችኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት አናጢ ዘንድ ነው። ዋሽንቱን አገላብጦ አይቶ "ቀዳዳውን ልድፈንልህ?" አለኝ። ሙያው ቀዳዳ መድፈን ነውና አልፈርድበትም። ቀጥዬ ብር አንጥረኛ ዘንድ ሄድኩ፤ ለሙሽራ አንገት የሚሆን፣ ዓይን የሚስብ የብር ክዳን ሠራ፤ ሲከደን ግን አይከፈትም፣ ሲከፈት አይከደንም። ሦስተኛው ሙዚቃ የሚያስተምር ወጣት ነበር። "አባባ፣ ይሄ ከሚያስቸግርዎ ኪቦርድ አይሻልም?" አለኝ። ኪቦርዱን እንኳ ይቅር ባልኩት፤ አባባ ማለቱ ነው ያናደደኝ። እንዲህ ስዞር ወሩ ተጋምሶ ሁለት ሳምንት ቀረ።

በመጨረሻ ፋጡማ ኮቴን ልታጥብ ስትፈትሽ ጥቅልሉን አገኘችው። ሁሉን ነገርኳት። ወገቧን ይዛ አየችኝና "ይሄን ታቅፈህ ነው ደሴን ስትዞር የከረምከው? የኔን መኪና የሚሠሩልኝ እትዬ ከዲጃ ኮምቦልቻ ቁጭ ብለው!" አለች። መኪና የምትለው የስፌት መኪናዋን ነው። የስፌት መኪና ጠጋኝ? ለዋሽንት? ሳቅኩባት። በሕይወቴ ከሳቅኳቸው ሳቆች ሁሉ መልሼ ብውጠው ደስ የሚለኝ ያ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደሴን በጉሟ ውስጥ ትታችሁ የሐረጎን ጠመዝማዛ መውረድ ስትጀምሩ ኮታችሁን ታወልቃላችሁ፤ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሸሚዛችሁንም ለማውለቅ ይቃጣችኋል። ቁልቁለቱ ደግሞ ጆሮ ይደፍናል። የኔ ጆሮ አንዴ ከተደፈነ ቶሎ አይከፈትም። የአየር ግፊት ነው፣ ሳስተምረው የኖርኩት ነገር ነው።

የእትዬ ከዲጃ ሱቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ናት፤ ስፋቷ ከበሯ ብዙም አይበልጥም። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ደቃቃ ሴት ናቸው። አያታቸው ከየመን መጥተው እዚሁ ልብስ ሰፊም መኪና ጠጋኝም የሆኑ ሰው ነበሩ፤ ወንዶቹ የልጅ ልጆች ወደ ንግዱ ሲሄዱ መፍቻው ለልጃገረዷ ቀረ። ስገባ አንድ መኪና ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ፊታቸው ተቀምጧል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአንድ እጃቸው መዘውሩን ቀስ እያሉ ያዞራሉ፣ በሌላው እጃቸው ብረቱን ይዳብሳሉ። በጣታቸው ያዳምጡት ነበር። ሰላምታዬን አፌ ውስጥ ይዤ ቆምኩ፤ ሰው ሲሰግድ ደርሼ የቆምኩ ያህል ተሰማኝ።

ማንነቴንና ጉዳዬን ስነግራቸው ዋሽንቱን ተቀብለው ጨርቅ ላይ አጋደሙት። "ማነው የሠራው?" አሉ። የባለቤቱ አባት መሆናቸውን፣ መሞታቸውንም ነገርኳቸው።

"አላህ ይዘንላቸው። እንግዲያ ይሄን እንጨት አልበሳውም። ብሎን ከነካው ይሰነጠቃል፣ የሙት ሥራም ነው። በቀለበት ነው የማስረው" አሉ። ይኸው ነው። እኔ ሁለት ሳምንት የዞርኩበትን እሳቸው በአንድ አፍታ ፈቱት ብዬ ደስ ሲለኝ ቀና ብለው አዩኝ።

"የትኛው ጣት ነው የሌለው?"

"የቀኝ እጁ ነው እትዬ።"

"እጁን አልጠየቅኩህም፣ ጣቱን ነው።"

"ሁለት... ወይም ሦስት።"

"የቀረውስ? ከአንጓው በላይ ነው በታች? ይታጠፋል? ሲነካ ያመዋል?"

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። የአያ ይመርን እጅ ግን አንድም ቀን አላየሁትም። እንዳይከፋው ብዬ ነው። ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

"ወዳጅህ ነው ወይስ የሰማህበት ሰው?" አሉኝ። ጎረቤቴ መሆኑን፣ ሃያ ዓመት መኖራችንን ነገርኳቸው። ዋሽንቱን በነጠላው መልሰው ጠቀለሉት። "እኔ መኪናን ያለ ባለቤቷ አልሠራም፣ መምህር። አንዷ አጭር ናት፣ አንዷ ረጅም፣ አንዷ ፔዳሉን በተረከዟ ትረግጠዋለች። ሴትዮዋን ካላየሁ የመኪናዋ ሕመም አይገባኝም። ሂድና ሰውየውን አምጣው።"

የዚያን ዕለት ከዐስር በኋላ ድንጋዩ ላይ ስንቀመጥ ዋሽንቱን ከነጠላው ፈትቼ በመካከላችን አኖርኩት። ዳገቱን ስወጣ ሙሉ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣልኝ። "አያ፣ እጅህን አሳየኝ" አልኩት።

ዋሽንቱን አየው። እኔን አየኝ። እጁን ከጋቢው አወጣና ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ሌባ ጣቱና መሐል ጣቱ ከሥራቸው የሉም። የቀለበት ጣቱ በግማሹ አለ። አውራ ጣቱና ትንሿ ደህና ናቸው። በቃ። ሁለት ዓመት ሰፈር ሙሉ የሸሸነው ይህንን ነው። እጅ ነው።

"እኔ እኮ ተገላገሉ ብዬ ነበር" አለኝ።

"ማ?"

"ሰፈሩ ነዋ። ከተጎዳሁ በኋላ 'ዋሽንቱስ?' የሚለኝ አንድ ሰው ጠበቅኩ። ሳምንት ጠበቅኩ፣ ወር ጠበቅኩ። ራዲዮ ላይ ዋሽንት ሲመጣ እንኳ አንተ ራስህ ብድግ ብለህ ትዘጋዋለህ። ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን የሰሙኝ በይሉኝታ ነው፣ አሁን ዐረፉ አልኩ። ለሰዓዳ ሞንታርቦ ያልኩህም ለዚያ ነው፤ በልጄ ሰርግ ሰው አላሰለች ብዬ ነው።"

ወላሂ፣ እንባዬ መጣ። እሱን ላለማስከፋት ስንጠነቀቅ፣ ስንቱን ሰርግ በጓሮ ስናስወጣ፣ ሰውየው ብቻውን ቁጭ ብሎ እንደጠላነው ያምን ነበር። ይህን ያህል ያስቀየመው ጠላት ቢኖረው ኖሮ ቢያንስ ሽማግሌ እንልክበት ነበር።

በማግስቱ አብረን ወረድን። እትዬ ከዲጃ ለአያ ይመር ከንፈር አልመጠጡለትም፣ አይዞህም አላሉት። እጁን ሳብ አድርገው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉትና እንደ መኪናው ይዳብሱት ጀመር። "እዚህ ያምሃል?" "አያመኝም።" "እዚህስ?" "ትንሽ።" "ብርድ ሲሆን?" "አዬ እትዬ፣ የደሴን ብርድ አያንሡት!" እንዲህ እያለ፣ ለኔ አንዲት ቃል ያልተነፈሰው ሰው፣ ሌሊት የሌሉት ጣቶቹ እንደሚያሳክኩት ሳይቀር ለማያውቃቸው ሴት ዘረገፈላቸው። እሳቸው ግማሿን ጣት ይዘው አጠፍ ዘርጋ አደረጓትና "ይቺ አልሞተችም፤ አጥራ ነው እንጂ ትሠራለች" አሉ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ፤ ሁለቱንም ቀን ከደጃፉ ሳልነቃነቅ አየሁ። ከአሮጌ መኪና የክር መወጠሪያውን ሞላ አወጡ። ከናስ ቀጭን ክንድ ቀጥቅጠው በሁለት ቀለበት ከእንጨቱ ጋር አሰሩት፤ የሙቱን ሥራ አንዲት ሚስማር አልነካችውም። በክንዱ ጫፍ ላይ ለዚያች ግማሽ ጣት በልኳ ጎድጎድ ያለች መርገጫ አበጁ። ስትጫኗት ክዳኑ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ይወርዳል፤ ስትለቋት ሞላው ያነሣዋል። አራተኛው ቀዳዳ ላይ ትንሿ ጣቱ ራሷ ትደርሳለች። ሁለተኛው ዓይነት ሊቨር መሆኑ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሺህ ጊዜ ስዬዋለሁ፤ እንዲህ ነፍስ ዘርቶ ሲነሣና ሲወርድ ግን ገና ማየቴ ነው።

አየር የሚያሾልክ መሆን አለመሆኑን እንዴት እንዳወቁ ልንገራችሁ። የዜማ ጆሮ የላቸውም። "ባቲና አምባሰል ለኔ አንድ ነው" ሲሉ አያ ይመር ደንግጦ "አስተግፊሩላህ!" ብሏል፤ በወሎ ምድር እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ አይነገርማ። እሳቸው የሚያውቁት ክር ነው። የበግ ቆዳ እንደ ቅጠል አሳስተው ክዳኑ ሥር ከለጠፉ በኋላ፣ አንዲት ቀጭን የሐር ክር ከሥሩ አሳልፈው ይከድኑና ሳብ ያደርጓታል። ክሯ ከተንሸራተተች አየርም ያልፋል ማለት ነው። በዚህ በኩል ሳቡ፣ በዚያ በኩል ሳቡ። ቆዳውን እያነሡ ፋቁት፣ መልሰው ለጠፉት፣ እንደገና አነሡት። እኔ መቁጠር ከተውኩ በኋላ ክሯ ተበጠሰች እንጂ አልወጣችም። በሌላው ጎንም ሞከሩ፤ ተበጠሰች። "አሁን ንፋ" አሉት።

አያ ይመር ዋሽንቱን ወደ ከንፈሩ ወሰደ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደገመ፤ አሁንም ትንፋሽ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ሦስተኛው ላይ አምባሰል መጣ። ያለ ምንም ጉድለት፣ ከነእንጉርጉሮው፣ ሁለት ዓመት የትም ያልሄደ ይመስል መጣ። መናኸሪያው ውስጥ ተሳፋሪ የሚጠሩት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ቀጥሎ ያለው ባለሱቅ ከነሚዛኑ ወጣ። እኔ "ሱብሐነላህ" አልኩ። የሰው እጅ ለሰው እጅ ጣት ሲያበቅልለት በዓይኔ አይቻለሁ። እትዬ ከዲጃ ግን ሲያዩ የነበሩት ክዳኑን ብቻ ነው። "ይነሣል፣ ይወርዳል። ትንሽ ቂጭ ትላለች፣ ላለስልሳት?" አሉት። "ተዋት እትዬ፣ መኖሯን ትንገረኝ" አላቸው። እኔ ምንም ቂጭታ አልሰማሁም። ባለሙያ ሲባል በሌለ ነገር መጨነቅ ይወዳል ብዬ አለፍኩት።

ሞንታርቦው ቀረ። የሰርጉ ዕለት አያ ይመር ዋሽንቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ሲቆም ሰፈሩ በሙሉ በለመደው ጨዋነት ፊቱን አዞረ፤ ግማሹ ሰማይ ያያል፣ ግማሹ ጫማውን ያያል። ሰዓዳ ወጣች። አባቷም ነፋላት፤ ከደጃፉ እስከ መኪናው። ሰው እያለቀሰ እንኳ ያቺን ናስ ላለማየት ይታገል ነበር። ሙሽራዋ መኪናው ጋ ስትደርስ ዞረችና፣ እንባዋን በቬሎዋ ጫፍ እየጠረገች፣ "አባ፣ ጣትህ ቂጭ ቂጭ ትላለች እኮ!" አለችው። አያ ይመር ዋሽንቱን ከአፉ አውርዶ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን? "እስቲ ልያት!" "ማን ሠራት?" "ታምሃለች?" የሁለት ዓመት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ጎረፈበት። እሱም እጁን እያገላበጠ ለሁሉም ያሳያል። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ቂጭ ሲል ባልሰማም የሙሽራ ቃል አይስተባበልም ብዬ ነው። ከእንግዶቹ መካከል የተቀመጡት እትዬ ከዲጃ ወደ ፋጡማ ጠጋ ብለው "የቱ ነበር፣ ባቲ ነው አምባሰል?" ብለው መጠየቃቸውን ኋላ ሰማሁ።

ከዚያ ሰርግ ወዲህ ሰፈራችን ተበላሽቷል። ሰው ሁሉ ጠያቂ ሆኗል። ያ ጥርሱ የወለቀ ወዳጃችን ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥቶ ቆሎ ይቅረብልኝ አለና እየመጠጠ አመሸ። ከሁሉ የባሰው ግን አያ ይመር ነው።

ትናንት ከዐስር በኋላ ድንጋዩ ላይ ቀድሜው ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ። መጣና፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ በግራዬ ተቀመጠ። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከወዳጅ ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት ደስ ይላል እያልኩ ዞር ስል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሲያወራኝ ነው የቆየው። ያን ጊዜ ተነሥቶ በፊቴ ዞረና እንደ ወትሮው በቀኜ ተቀመጠ። ያቺን ግማሽ ጣቱን ጉልበቴ ላይ አሳረፋት።

"መምህር፣ ግራ ጆሮህ መስማት ከተወ ስንት ጊዜው ነው?" አለኝ።

የአየር ግፊት ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ጉልበቴ ላይ ያለውን እጁን አየሁና ተውኩት።

"ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ አያ" አልኩት።